የዋህ ውሃን ያልቀዘፈ አይፈርድም

የእንዝራ ወንዝ በዋንዛ በር መንደር ግርጌ ሲያልፍ፣ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ በድንጋዮች መካከል እየተጠማዘዘ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ድምፁን ከሩቅ ለሰማው ያስፈራል፤ ቀርቦ ላየው ግን የክረምት ጎርፍ ካላስቆጣው በቀር ከጉልበት የማያልፍ፣ የደንገል ታንኳ ያለው ሰው ሁሉ ያለ ጭንቀት የሚወርደው ውሃ ነው። የአካባቢው ሰው የዋህ ውሃ ብሎ ይጠራዋል። በዚህ መንደር ለሽምግልና የተመረጠ ሰው፣ የቱንም ያህል የተከበረና ያረጀ ቢሆን፣ ለመፍረድ ከመቀመጡ በፊት ብቻውን ታንኳ ላይ ወጥቶ ይህን ውሃ በገዛ እጁ ቀዝፎ ይወርዳል። የማያውቅ መንገደኛ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ እየተንገዳገዱ ሲቀዝፉ፣ መንደሩም ዳር ቆሞ ሲመለከት ቢያይ ጨዋታ ይመስለዋል። ጨዋታ አይደለም።

እንደሚነገረው፣ በቀድሞው ዘመን አዘናው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ በመንደሩ ይኖር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውና እህል በዚህ ወንዝ ላይ ሲያመላልስ አንድ ስልቻ እንኳ አልጠፋበትም። በአንድ የግንቦት ወር መንደሩ ከላይኛው አገር ያስመጣውን የዘር ገብስ ጭኖ ሲወርድ፣ አስቸጋሪውን ጥልቅ ውሃ ሁሉ አልፎ የዋህ ውሃ ሲደርስ ታንኳው ተገለበጠ። ስልቻዎቹ ተቀደዱ፤ ገብሱም ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው በአረፋው ላይ ተንሳፎ ሄደ። ሰኔ ተቃርቦ ነበርና የመንደሩ ሰው ዘር ፍለጋ ተበተነ፤ ዘግይቶ የተዘራውንም ውርጭ መታው ይባላል።

አዘናው በጭቃ ሹሙ በደባልቄ ፊት ለፍርድ ቀረበ። በዚያ ዘመን በወንዙ ላይ የታወቀ ወግ ነበር፦ ጉማሬ የገለበጠው ጭነት የእግዜር ቁጣ ነውና ቀዛፊው አይጠየቅበትም። ስለዚህም ቀዛፊ ሁሉ ጭነት በጠፋበት ቁጥር ጉማሬ ያይ ነበር፤ ዳኞቹም ያምኑት ነበር። የአዘናው ሚስት እንጉዳይ ወደ ፍርዱ ሲሄድ በር ላይ ይዛ ለምናው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ናት። ጉማሬ በልና ግባ።»

«አልነበረማ።»

«ለሌሎቹ ቀዛፊዎች፣ ለእነ ፈጠነ በየዓመቱ ይኖር የለም ወይ? ላንተ ሲሆን ምነው ጠፋ?»

«እነሱ አይተው ይሆናል። እኔ አላየሁም» ብሏት ሄደ።

አዘናው ፍርድ በሚሰጥበት ዋርካ ሥር ቆሞ የሆነውን እንደሆነ ተናገረ። ጥልቁን ካለፈ በኋላ ላቡን ሊጠርግ መቅዘፊያውን ከውሃው አነሳ፤ ውሃው ቀላል ስለሆነ አነሳ። ታንኳው በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን ዞረ፣ ድንጋይ ነካው፣ ስልቻዎቹ ባንድ በኩል ተንሸራተቱ፤ ይኸው ነው። ደባልቄ ይህን ሲሰማ ሳቀ ይባላል።

«ልጆቻችን በሚንቦጫረቁበት ውሃ ነው ሃያ ዓመት የቀዘፈ ሰው የተገለበጠ?»

«አዎ ጌታው። እዚያው ነው።»

«እንግዲያስ ወደህ ነው የገለበጥከው። አምና በጓሮህ ድንበር ነገር ስለፈረድንብህ ቂም ይዘህ ነው።»

አዘናው ያንኑ የተናገረውን ደገመ። እውነት የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቶሎ ያልቅበታል፤ ሐሰተኛው ግን ጉማሬውን እያሳደገ፣ ጥርሱን እያረዘመ ሊውል ይችላል። በዳኝነት የተቀመጡት አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ከአምስቱ አንድም መቅዘፊያ ጨብጦ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንድም ሰው ግን «ይህን አላውቅም» አላለም። መቅዘፊያውን ነጥቀው በጭቃ ሹሙ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ዳግመኛም ወንዝ ላይ እንዳይወጣ ከለከሉት።

አዘናው ሰው ተጠግቶ ማረስ ጀመረ። ከእርሻው ይልቅ ስሙ ከበደው፤ መንደሩ «ዘር አስማጭ» አለው፤ ቀጥሎ ሚስቱን የዘር አስማጭ ሚስት፣ ልጁን የዘር አስማጭ ልጅ አለ። ልጁ ታምራት ለጋብቻ ሽማግሌ በላከበት ቤት ሁሉ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ተመለሱ። በአራተኛው ዓመት ልጁ ለእናቱ «ወደ ቆላ ወርጄ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ፍርዱ በተሰጠ በሰባተኛው ዓመት ጭቃ ሹም ደባልቄ ሴት ልጁን ዳረ። ድግሱ ከየዋህ ውሃ በታች ባለው ሜዳ ላይ ነበርና እንግዳውን በታንኳ ያወርዱ ጀመር። የደባልቄ ተራ ሲደርስ ቀዛፊው ዘገየ። እሱም «ለዚህች ውሃ ደግሞ ቀዛፊ ይጠበቃል እንዴ?» ብሎ ካባውን እንደለበሰ ብቻውን ታንኳው ላይ ወጣ። መካከል እስኪደርስ ደህና ቀዘፈ። ከዚያ ሜዳው ላይ የነበሩት ሴቶች አይተውት እልል አሉ፤ ደባልቄም ሰላምታ ሊመልስ ከነመቅዘፊያው እጁን ወደ ላይ አነሳ። ታንኳው ወደ ጎን ዞረ።

ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ ውሃው ውስጥ የገባው ከእንግዶቹ ጀርባ ቆሞ የነበረው አዘናው ነው ይላሉ። ብብቱን ይዞ አወጣው፤ ካባውን ገፎ በገዛ ጋቢው ጠቀለለው፤ ከዚያም ለተንኮል ሳይሆን የእውነቱን ጠየቀው።

«ምን ገለበጠዎት ጌታው?»

ደባልቄ ዙሪያውን አየ። አማቾቹ አሉ፤ ካህናቱ አሉ፤ ሙሽራዋ ልጁ አለች።

«ጉማሬ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ተመለከተ። አንዲት ወፍ ድንጋይ ላይ ቆማ ነበር፤ ውሃው ከዚያ ድንጋይ ግማሽ አይደርስም። እንጉዳይ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«እንዴት ያለ ጨዋ ጉማሬ ነው እናንተ! ጉልበት በማይሞላ ውሃ ተኝቶ፣ እኛን ሳያስደነግጥ ስራውን ሠርቶ ሄደ!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አዘናው ግን ሚስቱን «ተይ እንጂ፣ ሰውየው በርዶታል» አላትና ደባልቄን ደግፎ ወደ እሳቱ ወሰደው።

ከሠርጉ በኋላ ደባልቄ እንደ ልማዱ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሰንበት ምስክር ሲያስምል አንድ ሰው የጉማሬውን ነገር ሊያስታውሰው «እህ እህ» ብሎ ሳለበት። በሁለተኛው ሰንበት ማንም አልሳለም፤ እሱ ራሱ ግን እስኪሳልበት ጠበቀ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ በሬው ማሳ ጥሶ እንደገባ እያመነ ሲናገር ደባልቄ ሰምቶ ከመቀመጫው ተነሳ ይባላል። «ጉማሬ አልነበረም» አለ፤ «እጄን አነሳሁ።»

በማግስቱ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በእጁ ከአዘናው የነጠቁትን መቅዘፊያ ይዞ፣ አራቱን ዳኞች አስከትሎ አዘናው ደጅ ደረሰ። አዘናው ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት፤ ይቅርታውንም አልነፈገውም። እንጉዳይ ግን በሩ ላይ እንደቆመች «ልጄንስ? ልጄን የምትመልሱልኝ በየትኛው ታንኳ ነው?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የሰጠ የለም።

ደባልቄ መቅዘፊያውን በሁለት እጁ ሲዘረጋለት አዘናው አልተቀበለውም።

«እጄ እርፍ ለምዷል። አሁን ብይዘውም ለእኔ አይሆንም።»

«ታዲያ ምን እናድርገው?»

«የሚፈርድ ሰው ይያዘው። ቀላል ነው ያላችሁትን ውሃ ይውረድበትና ሲወጣ ምን እንዳገኘው ጠይቁት። እውነቱን ከነገራችሁ አስቀምጡት።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ ይላሉ። የመጀመሪያው መቅዘፊያ ከበሰበሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን ያለው ስንተኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ ሽማግሌው ከውሃው ሲወጣ በዕድሜ ትንሹ የመንደሩ ጎልማሳ «ምን አገኘህ?» ይለዋል፤ እሱም ደህና ከወረደ ደህና ወረድኩ፣ ከወደቀ በምን ምክንያት እንደወደቀ ይናገራል። መውደቅ ከዳኝነት አያስቀርም። እንዲያውም ከወደቁት መካከል ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን ፈርደዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ደረታቸው ድረስ ርሰው ዳር ከወጡ በኋላ፣ ጥያቄው ሲቀርብላቸው «ጉማሬ» ሊሉ ጀምረው ቃሉን ሳይጨርሱት፣ መቅዘፊያውን አስረክበው ሳይፈርዱ ወደ ቤታቸው ሄደዋል ይባላል። መንደሩ እነዚያን ሁለቱን ዛሬም በክብር በስማቸው ያነሳቸዋል።