ወደ ጎረቤት የተሻገረው ምስጥ

ስሟን አባቶቻችን ባልነገሩን በአንዲት የጥንት ከተማ ሸኽ ኑርዬ የሚባሉ ዐሊም ነበሩ። ከተማዋ ምስጥ የሚበዛባት ናት፤ እንኳን ማገር፣ ደጅ የተረሳ ጫማም አይተርፍም ይባላል። ስለዚህ ሰዉ ቤት ሲሠራ የምሰሶውን እግር በእሳት ለብልቦ ይተክላል፤ ክረምቱ ሲወጣም በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ አመድ ይሞላል።

ሸኽ ኑርዬም ይህንኑ አደረጉ። በግቢያቸው ጥግ ለሶላትና ለዒባዳ የምትሆን አዲስ ክፍል አሠርተው ነበርና በተለይ ለእሷ ሳሱላት። አመዱን ሳይቆጥቡ አስነሰነሱ። ምስጡ ከቤታቸው ጠፋ፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው አረፉ።

ከወራት በኋላ በአጥር የምትዋሰናቸው፣ ባሏ ሞቶባት ቦይ የሚቆፍርላት ያጣችው ጦይባ መታመሟን ሰምተው ሊጠይቋት ሄዱ። ሲቀመጡ ምርኩዛቸውን ምሰሶው ላይ ቢያስደግፉት ጫፉ ወደ እንጨቱ ሰምጦ ገባ። ደነገጡ። ዙሪያውን ቢያዩ የምስጡ የአፈር መስመር ከእሳቸው አጥር ተነሥቶ ጣሪያ ደርሷል። የጦይባ ልጆች ከምሰሶው ሥር ይጫወታሉ።

«ልጄ፣ ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ጦይባ አቀረቀረች። «እርስዎ አመድ ካስነሰነሱ ወዲህ ነው፣ ሸኽዬ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

«እርስዎን በምን አፌ ልውቀስ? ሰዉስ ምን ይለኛል?»

ያን ዕለት ጦይባን ከነልጆቿ ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ቆፋሪዎች ጠርተው የምስጡን መንገድ ተከትለው ቢያስቆፍሩ፣ መንገዱ ከአዲሷ ክፍል ወለል ሥር ገባ። አመዱ ወደ ላይ መውጫ ቢከለክለው ምስጡ በአጥሩ ሥር ወደ ጦይባ ዞሯል። እንቁላል የምትጥለው የምስጡ ንግሥት ከወለሉ ሥር እስካለች ድረስ ደግሞ መመለሱ አይቀርም።

ሸኽ ኑርዬ ክፍሏ ፈርሳ ወለሉ እንዲቆፈር አዘዙ፤ ልጃቸው ያሲን ግን ተቃወመ። «አባዬ፣ የሚሰገድበት ክፍል እንዴት ይፈርሳል? ምስጥ እንደሆነ የአላህ ፍጡር ነው፤ እኛ አልላክነውም። አዲስ ምሰሶ ብናቆምላት አይበቃም?»

«ዘንድሮ እናቁምላት፤ ከርሞስ? እሷ ጣሪያው በልጆቼ ላይ ይወድቃል እያለች ስትሰጋ፣ እኔ እዚህ በምን ፊቴ ሱጁድ እወርዳለሁ?»

ክፍሏ ፈረሰች፤ ንግሥቲቱም ወጣች። የክፍሏ ምሰሶ እግሩ እንደገና ተለብልቦ በጦይባ ቤት መሐል ቆመ። ሸኽ ኑርዬ ዳግም የመሥራት አቅም አልነበራቸውም። እስኪሞቱ ድረስ ደጃቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ሰገዱ።

የሰፈሩ ሰው «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ደግነት ነው!» እያለ ቢመጣ ተቆጡ።

«ደግነት አትበሉት። ከቤቴ ያባረርሁት ጉዳት የማን ቤት እንደገባ ሳልጠይቅ ነው አልሐምዱሊላህ ያልሁት።»

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል እኔን ያስፈራኛል። ሸኹ ሐራም አልሠሩም፤ ቤትን መጠበቅ ተገቢ ነው። እኛም ጎርፉን ከግቢያችን መልሰን፣ ጭሱን ወደ ማዶ አዙረን፣ አመስግነን እንተኛለን። ጎረቤት ስላልከሰሰን ሐቁን የተወልን ይመስለናል። ጦይባ ዝም ያለችው አፍራ ነው። የቂያማ፣ የፍርዱ ዕለት ግን ጎረቤት ጎረቤቱን አያፍርም።