ቀስቷን የሚያዘገይ ጠፋ

የምነግራችሁ ነገር በመጠኑ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው ግን ሊያነሳው አቃተው። እንዴት እንዳቃተው ስሙኝ።

በአንዲት ከተማ፣ የቦታ ካርታ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ይታክቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የሰዎችን ግቢ ወሰን በኮምፒውተር መሣል ነው። አምና ክፉኛ ታማ ስትነሳ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንዲያም ሆኖ በአሮጌው ኮምፒውተር ደህና አድርጋ ትሠራ ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ማውሱ የተጓዘውን ያህል፣ ማውሱን የምትከተለው ቀስትም ስክሪኑ ላይ ትጓዛለች፤ እጇ ቢርድም ቀስቷ ርቃ አትሄድም።

ከዚያ አዲስ ኮምፒውተር መጣ። በአዲሱ ላይ ማውሱን ቀስ ሲያደርጉት ቀስቷ ቀስ ትላለች፤ እጅ ድንገት ፈጠን ካለ ግን እሷ እጥፍ ድርብ ትወረወራለች። ለጤነኛ እጅ ይመቻል ይባላል። የይታክቱ እጅ በየመሐሉ ብንን ሲል ግን ቀስቷ ከአንዱ ሰው ግቢ ተነስታ የሌላው ጓሮ ውስጥ ትገኛለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የማውሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንዲት የራይት ምልክት ማጥፋት። ይታክቱ የፈለገችው ይህችኑ ብቻ ነው። ሴቲንጉ ደግሞ ተቆልፏል።

ሴቲንጉ አልተከፈተም፣ ቀስቷ አልዘገየችም፣ መስመሩ አልቀናም፣ ካርታው አልወጣም።

ካርታው የእማማ ደብሪቱ ነበር። እማማ ደብሪቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጎረቤታቸው፣ ከቤታቸው ወደ መንገድ የሚወጡባትን ጠባብ መተላለፊያ የእኔ ናት ብሎ ድንጋይ አስከምሮባታል። ግንበኞች ነገ ጠዋት አጥር መገንባት ይጀምራሉ። እማማ ደብሪቱ ዛሬ ካርታቸውን ካላገኙ ከነገ ወዲያ ከገዛ ቤታቸው ለመውጣት አጥር ሊዘሉ ነው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ታች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ይጠብቃሉ። ይታክቱም ይህን እያወቀች መስመሩን ትስላለች፣ ቀስቷ ትፈናጠራለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትስላለች።

ብድግ ብላ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ወደሆነው ወደ ሱራፌል ሄደች። መቆለፊያውን የሚከፍተውን ፓስዎርድ የሚያውቀው ሱራፌል ብቻ ነው፤ እሱ ብቻ መሆኑንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ስልኩ ላይ ኳስ እያየ ነበር። ዓይኑን ሳያነሳ፣ ነገሩ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ የካርታ ክፍል ኃላፊው አቶ ድንበሩ ካላዘዙ እንደማይከፍት ነገራት። አንዲት ራይት ብትጠፋ ምን እንደሚዘረፍ ግን አልነገራትም።

ሱራፌል አልከፈተም፣ ቀስቷ አልዘገየችም፣ መስመሩ አልቀናም፣ ካርታው አልወጣም።

ወደ አቶ ድንበሩ ገባች። አቶ ድንበሩ በካርታ ክፍል ኃላፊነት ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ካርታ ሲስሉ ያያቸው ግን የለም። ከረቫታቸውን እያስተካከሉ ሰሟት። ለአንድ ሰው ካዘዙ ነገ ሁሉም እጄን፣ ዓይኔን፣ ወገቤን እያለ እንደሚሰለፍ አስረዷት። ደግሞስ ኮምፒውተር ንብረት ነው፤ ንብረት የአስተዳደር ነው፤ የአስተዳደሯ ወይዘሮ ፀዳለ ካልፈቀዱ ምን ሥልጣን አላቸው? በሩን ልትዘጋ ስትል፣ እጇ ከደከመ መዝገብ ቤት ብትዛወር እንደሚሻላት ጣል አደረጉባት።

ይታክቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። መዝገብ ቤት ማለት አቧራ ማራገፍ ማለት ነው። ከበሽታው ስትነሳ በሕይወት መትረፏን ያመነችው አልጋዋ ላይ ሳይሆን ሥራዋ ላይ ተመልሳ የመጀመሪያውን ግቢ የሣለች ቀን ነበር። አሁን ይህንንም ሊወስዱባት ነው። ዕንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችውና ደረጃውን ወጣች።

አቶ ድንበሩ አላዘዙም፣ ሱራፌል አልከፈተም፣ ቀስቷ አልዘገየችም፣ መስመሩ አልቀናም፣ ካርታው አልወጣም።

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቋት።

«ማውሱ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያው ያልተሰበረ ንብረት አይጠገንም።»

ነገሩን እንዲህ በማጠቃለላቸው ራሳቸውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ይታክቱ የእማማ ደብሪቱን ጉዳይ አንስታ ለመነቻቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ያዘኑ ያህል ከንፈራቸውን መጠጡና፣ ዳይሬክተሩ ከወሰኑ እሳቸው እንደማይከለክሉ ተናገሩ። በዚያ መሥሪያ ቤት ማንም ከልካይ አልነበረም፤ ችግሩ የሚፈቅድ አለመኖሩ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ አልፈቀዱም፣ አቶ ድንበሩ አላዘዙም፣ ሱራፌል አልከፈተም፣ ቀስቷ አልዘገየችም፣ መስመሩ አልቀናም፣ ካርታው አልወጣም።

ዳይሬክተሩ አቶ ቢያድግልኝ ይባላሉ። ያን ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለሚመጡባቸው መስኮቱ ሥር ቆመው ንግግር ያጠናሉ። ንግግሩ ስለ ፈጣን አገልግሎት ነው። ግድግዳው ላይም «ፍጥነት መለያችን ነው» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ይታክቱ ገብታ ቀስቷን የሚያዘገይላት ሰው እንዲያዙላት ስትጠይቅ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኛ ፍጥነት ብለን ባነር ስንሰቅል አንቺ ዝግታ ልትለምኝ መጣሽ?»

ቀስቷ ስትዘገይ ሥራው እንደሚፈጥን ልታስረዳቸው ሞከረች። አቶ ቢያድግልኝ ግን ወደ ንግግራቸው ተመልሰው ነበር፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።

አቶ ቢያድግልኝ አልወሰኑም፣ ወይዘሮ ፀዳለ አልፈቀዱም፣ አቶ ድንበሩ አላዘዙም፣ ሱራፌል አልከፈተም፣ ቀስቷ አልዘገየችም፣ መስመሩ አልቀናም፣ ካርታው አልወጣም።

ይታክቱ ወርዳ እማማ ደብሪቱ አጠገብ ተቀመጠች። ልትዋሻቸው አልፈለገችም። ከሱራፌል እስከ ዳይሬክተሩ ያለውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እማማ ደብሪቱ ስለ ማውስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስለ ቀስትም ያው ነው። ሰውን ከታች ወደ ላይ መላክ ምን እንደሆነ ግን ያውቃሉ። የሁሉም ማሰሪያ የሆነው ሰው የትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ደረጃውን በየመሐሉ እያረፉ ወጡት።

አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ንግግራቸውን ሲያነበንቡ፣ ከኋላቸው ወንበራቸው ሲጥጥ አለ። ዞር ቢሉ እማማ ደብሪቱ በዚያ ሰፊ የቆዳ ወንበር ላይ ተመቻችተው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውንም አስተካክለዋል።

«ካርታዬ እስኪወጣ እዚሁ ነኝ ልጄ። አንተ ሥራህን ሥራ፤ እኔ አላስቸግርህም።»

ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ ለመኑ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። እማማ ደብሪቱ ሁለቱንም በእርጋታ ሰሙ። ዘበኛ ተጠራ፤ መጣ፣ አየ፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴት እንደማይጎትት ተናግሮ ወጣ። ይህን ጊዜ የእንግዶቹ መኪና ግቢ ውስጥ ሲገባ ተሰማ። አቶ ቢያድግልኝ ባነሩን አዩ፣ አሮጊቷን አዩ፣ ስልኩን አነሱ። ወይዘሮ ፀዳለን ነው የጠሩት።

«ቶሎ በሉ!» አሉ ላብ በላብ ሆነው። «ቶሎ ብላችሁ አዘግዩላት!»

ከዚህ በኋላ ማን ይቻላቸው? አቶ ቢያድግልኝ ወሰኑ፣ ወይዘሮ ፀዳለ ፈቀዱ፣ አቶ ድንበሩ አዘዙ፣ ሱራፌል ኳሱን ትቶ እየሮጠ መጥቶ ከፈተ፣ ራይቷ ጠፋች፣ ቀስቷ ዘገየች፣ መስመሩ ቀና፣ ካርታው ወጣ።

ማጥፋቱ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ሱራፌል ይቺው ናት እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ይታክቱ ግን ልትመልስለት ጊዜ አልነበራትም። ቀስቷ ከእጇ ጋር እኩል ስትራመድ፣ የግቢውን ወሰን ከጥግ እስከ ጥግ ሳታቋርጥ ሣለችው። ካርታው ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት እማማ ደብሪቱ እጅ ገባ። እሳቸውም ወንበሩን ለባለቤቱ ለቀቁ።

አቶ ቢያድግልኝ ለእንግዶቹ ንግግራቸውን አሰሙ። ያን ቀን በመሥሪያ ቤታቸው አንድ ካርታ በምን ያህል ፍጥነት ለባለጉዳይ እንደተሰጠም ምሳሌ አድርገው ጠቀሱ። ተጨበጨበላቸው። አቶ ድንበሩ አጨበጨቡ፣ ወይዘሮ ፀዳለ አጨበጨቡ፣ ሱራፌልም አጨበጨበ። ይታክቱ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ የቀጣዩን ባለጉዳይ ግቢ እየሣለች ነበር። መዝገብ ቤት የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ያነሳባት የለም።

በማግስቱ ጠዋት ግንበኞቹ መጡ። እማማ ደብሪቱ መተላለፊያቸው ላይ ቆመው ካርታውን ዘረጉላቸው። የግንበኞቹ አለቃ ገመዱን ይዞ ለካ፣ ካርታውን አየ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ ጎረቤትየው እያየ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ እሱው ግቢ መለሱት። እማማ ደብሪቱም በመንገዳቸው ወጥተው ገበያ ሄዱ።

የእኔም ወሬ እዚህ አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ የሚያቀብለኝ ካለ ማንንም ሳያስፈቅድ ያቀብለኝ።