የባለጸጋው እናት ለቅሶ

አንድ ወጣት መምህሩን «ለእናቴ ያላደረግኩላት ነገር የለም፤ ታዲያ ለምን ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ።

ይህ ሰው ባለጸጋ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱን ከገጠር አምጥቶ ከተማ ውስጥ ጥሩ ቤት ሠራላት፤ ምግቧን የምታዘጋጅ ሠራተኛ ቀጠረላት፤ ስትታመምም ሐኪም ቤቷ ድረስ ይመጣል። እሱ ግን ሥራ ይበዛበታል። ብቅ ሲል እንኳ በር ላይ ቆሞ የጎደለ ነገር እንዳለ ሠራተኛዋን ይጠይቃል፤ ሁሉም ሙሉ ነው ስትለው ልቡ ረክቶ ይሄዳል። እናትየው እህል አልቀምስ እያለች መጣች። ረፍዶም ከአልጋዋ የማትነሳበት ቀን በዛ። ይህ ለልጇ ሲነገረው እርጅና ነው አለና የተሻለ ፍራሽ ገዛላት።

አንድ ቀን የሥራ ወዳጁ አባት ሞቶ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ከድንኳኑ ሲጠጋ አንዲት ሴት አንጀት በሚበላ ድምፅ ስታለቅስ ሰማ። ጆሮውን ሰጥቶ ቢያዳምጥ የምትጠራው የሟቹን ስም አይደለም።

«መንገሻዬ፣ አንድዬ ልጄ፣ ወዴት ሄድክብኝ» ትላለች።

መንገሻ የገዛ ስሙ ነው። ገብቶ ሲያይ አልቃሿ እናቱ ነበረች።

ባለበት ክው ብሎ ቀረ። የራሱ ለቅሶ ላይ በቁሙ የደረሰ መሰለው። ከእናቱ ጎን የተቀመጠች ሴት መደንገጡን አይታ፣ እኚህ እናት ያላቸው አንድ ልጅ ሞቶባቸው መጽናናት እንዳቃታቸው፣ በሰፈሩ ለቅሶ ባለበት ሁሉ እየመጡ እንደሚያለቅሱ፣ ሰውም አዝኖ እንደሚያባብላቸው በሹክሹክታ ነገረችው።

ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም» አላት።

እናቱ ቀና ብላ አየችው። አላፈረችም።

«አውቃለሁ» አለችው። «ልጄ አለ ብል ማን አብሮኝ ይቀመጣል? ሞተ ስል ግን እጄን ይይዙኛል፤ ጠባዩ እንዴት ነበር፣ ምን ይወድ ነበር ብለው ይጠይቁኛል። ስላንተ የማወራው እዚህ ብቻ ነው።»

ባለጸጋው ሊያጽናና የመጣውን ወዳጁን ረስቶ ምንጣፉ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሲበተን እጇን ይዞ ወደ ራሱ ቤት፣ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዳት። ሐዘኑ በአንዴ አልለቀቃትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትውልበት ቀን ገና ብዙ ነበር። እሱም ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ እስክትናገር መጠበቅን ተማረ።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተም ልጄ፣ ያን ሰው ትመስላለህ። ለእናትህ የሰጠሃትን ሁሉ ነገርከኝ፤ እሷ ያለችህን ግን አንድም አልነገርከኝም። እሱ ቤቷን ሞልቶ ራሱን ነሣት፤ እሷም በቁሙ አለቀሰችው። ለምን ትከሳለች ብለህ እዚህ እኔን ከምትጠይቅ፣ ተነሥና ሄደህ እሷን ጠይቃት።»