እየሳቀ ልቅሶ ቤት የገባው ሰውዬና የምንጩ ድንጋይ

«ተረት ላውጋችሁ» ስል «አውጋን፣ ጆሯችን ላንተ ነው» በሉኝ። ካላችሁኝ ዘንዳ፣ ድሮ፣ ድንጋይ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር እመት ጃርት የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነበረች።

እመት ጃርት ክፉ ሰው አልነበረችም። ዳሩ ግን ገላዋ እሾህ ስለሆነ፣ ሸንጎ ሲሰበሰብ ከሁሉ ርቃ ነበር የምትቀመጠው። ስትናገር ድምፅዋ መሀል ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። እሷም ለምዳዋለች፤ ብዙ ታዳምጣለች፣ ጥቂት ትናገራለች።

ያ አገር አንድ ምንጭ ብቻ ነበረው። በምንጩ አፍ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጋድሟል። ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ፈቀቅ ይላል፤ አራዊቱ ይጠጣሉ፤ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ድንጋዩ ተመልሶ ይከድነዋል። ታዲያ በድርቁ ዓመት፣ አንድ ጠዋት ድንጋዩ ፈቀቅ አልል አለ። ገፉት፤ አልተነቃነቀም።

«አባ ድንጋይ፣ ምነው?» አለ የአገሩ ሹም ባላምባራስ ከርከሮ።

«ዛሬ ነገር አለኝ» አለ ድንጋዩ። «አንድ ሰውዬ ልቅሶ ቤት እየሳቀ ገባ። ለቀስተኛው አልተቆጣውም፣ አልመታውም፤ ነጠላውን እየጣለ ሸሸ። ለምን? በቀን ሦስት ጥያቄ ጠይቁኝ። እኔ ‹አዎ› ወይም ‹አይደለም› እላለሁ፤ ሌላ ቃል አይወጣኝም። በሦስት ቀን ከደረሳችሁበት እነሳለሁ። ካልደረሳችሁበት እዚሁ ነኝ።»

አያ ጅብ ሁሉንም ቀደመ። ልቅሶ የሚል ቃል ከሰማ ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎታል።

«ሟቹ ተበልቶ ነው?» አለ።

«አይደለም» አለ ድንጋዩ።

ጅቡ ተስፋ አደረገ። ባላምባራስ ከርከሮ ደግሞ እንደ ሹም ተጀንኖ፣ «ሰውዬው እብድ ነው?» አለ።

«አይደለም።»

ሦስተኛውን ጥያቄ ባላምባራስ ሊያስብበት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አያ ጅብ አላስችለው ብሎ፣ «እንግዲያው ሬሳው ሳይነካ የተቀመጠ ነው?» አለ።

«አይደለም።»

«አልተበላም፤ ግን ደግሞ የለም» አለና ጅቡ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እንዲህ ያለ ልቅሶ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።»

«ጥያቄያችንን በሆድህ ጨረስከው» ብሎ ባላምባራስ ተቆጣው። አራዊቱም ሁሉ ሰደቡት። እመት ጃርት ብቻ፣ ከሩቅ ሆና፣ «አልተበላም፣ ግን የለም» እያለች ቃሉን በልቧ አስቀመጠችው።

«መልሱን እስከ ነገ ማን ይያዝልን?» አለ ባላምባራስ።

«እኔ አለሁ» አለች ወይዘሮ ወንፊት። ሰዎች ድርቁን ሸሽተው ሲሄዱ ጥለዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከአራዊቱ ጋር ትኖራለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ መያዝ ነው» አለች። ሾሟት፤ እልልም አሉላት።

በማግስቱ በጠዋት ተሰበሰቡ። «የትናንቱን አምጪ» አላት ባላምባራስ።

ወይዘሮ ወንፊት ወዲያ ወዲህ ተነቀነቀች። «ደቃቁ ወርዷል» አለች። «የቀረኝ ሻካራው ነው፦ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም።»

«ምኑ ነው አይደለም?»

«እሱ ደቃቁ ነበር» አለች ወንፊት።

እመት ጃርት ከሩቅ «እኔ ይዤዋለሁ» አለች። የሰማት የለም። ተነሥታ ቀረብ አለች። ሸንጎው ተጠጋግቶ ተቀምጦ ስለነበር እሾኋ የአያ ጅብን ጎን ወጋው።

«ወጋችኝ» ብሎ ጅቡ ዘለለ።

«እመት ጃርት፣ ወደ ቦታሽ» አለ ባላምባራስ። ፊቷ ቀላ፤ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ከዚያ ምን አደረጉ? የትናንቶቹን ሦስት ጥያቄዎች፣ አንድ ሳያጎድሉ፣ እንደገና ጠየቁ። ድንጋዩም ሦስቱንም «አይደለም» አለ። «አሁንስ ስድስት ሆነልኝ» አለች ወይዘሮ ወንፊት ኮራ ብላ።

በሦስተኛው ቀን የእመት ጃርት የመጨረሻ ልጅ ከተኛበት አልተነሣም። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። «እማዬ» ሊላት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እመት ጃርት ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ምንጩ ሄደች፤ በሸንጎው መሀል ቀጥ ብላ ገባች።

«ባላምባራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ዛሬ የምወጋውን እወጋለሁ። ልጄ እየሞተብኝ ነው።»

ጅቡን ወጋችው፣ ባላምባራስን ወጋችው፣ የወንፊትን አንዱን ቀዳዳ ሁለት አደረገችው። ሁሉም ገለል ገለል እያሉ መንገድ ለቀቁላት። ድንጋዩ ፊት ደርሳ ቆመች።

«አባ ድንጋይ፣ ያ የሳቀው ሰውዬ ሟቹን ያውቀዋል?»

«አዎ» አለ ድንጋዩ።

በሦስት ቀን ውስጥ «አዎ» ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። አራዊቱ ተቃቀፉ። ባላምባራስ ከርከሮ ደስታ አናቱ ላይ ወጥቶበት፣ «አገኘነው ማለት ነው?» አለ።

«አይደለም» አለ ድንጋዩ። እንግዲህ እሱም እንደ ጥያቄ ተቆጠረ። የቀረው አንድ ነው።

ባላምባራስ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ሁሉም ወደ እመት ጃርት ዞሩ። እሷም አሰበች፦ «ሰው የሚሸሸው የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ነው። የሚስቅን ሰው የሚፈራ ማን ነው? ሟቹ አልተበላም፤ ሬሳውም ደግሞ የለም። ታዲያ የት ሄደ?» ብትሳሳት የሚሞተው ልጇ ነው።

«አባ ድንጋይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ የሚለቀስለት ሰው፣ እየሳቀ የገባው ሰውዬ ራሱ ነው?»

«አዎ» አለ ድንጋዩ።

«እንግዲህ ሰውዬው ለንግድ ሩቅ አገር ሄዶ ኖሯል» አለች እመት ጃርት ወደ ሸንጎው ዞራ። «የሌላ ሰው መርዶ በስሙ መጣ። ዘመድ ዳስ ጥሎ ሲያለቅስለት እሱ ከመንገድ ደረሰ። ዳሱን አይቶ ሠርግ መስሎት፣ ‹ማን ሊያገባ ነው?› እያለ እየሳቀ ገባ። ለቀስተኛው ሟቹን ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ። ይህን ያገኘሁት ብቻዬን አይደለም። አያ ጅብ ስለ ሬሳው ባይጠይቅ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር።»

አያ ጅብ መጀመሪያ የሚሰድቡት መስሎት አንገቱን ቀብሮ ነበር። ኋላ ቀና አለ።

ድንጋዩ እያጓራ ፈቀቅ አለ። ውሃው ፈለቀ። እመት ጃርት ከማንም በፊት በአፏ ሞልታ ሮጠች፤ የልጇን ከንፈር አራሰች፤ ደግማ ሮጠች፣ ደግማ አራሰች፤ በሦስተኛው «እማዬ» አላት።

ሁሉም ጠጥተው ሲረኩ፣ እሷ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች።

«አባ ድንጋይ፣ አንድ ልጨምር?» አለችው። «ይህን ሁሉ ያደረጉት የሚያጫውትዎ አጥተው ነው?»

ድንጋዩ ወደ እሷ ትንሽ ጠጋ አለ።

«አዎ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ አገር አራዊት ውሃ ጠጥተው ዝም ብለው አይሄዱም፤ ተቀምጠው ያወጋሉ። ጅቡ ይጠይቃል፣ ከርከሮውም ይጠይቃል፣ ጃርቷም ከመሀል ተቀምጣ ትጠይቃለች፤ የሚወጋም ይወጋል።

ተረቴን ያዙልኝ፣ በወንፊት ግን አትያዙት። የሞኝን ጥያቄ የጣለ፣ የብልህን መልስ ቀበረ።