የአህያዋ መጫኛና አልፈታም ያለው ፊልትሮ

አንድ ጊዜ ስድሳ አሞሌ ጨው የወጣበት ሞተር ሳይክል በሦስት አሞሌ ሊሸጥ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ስድሳውን ያወጣችው አህያ ነበረች። የሌላውን እህል፣ የሌላውን ድንጋይ፣ የሌላውን ማገዶ በጀርባዋ እያመላለሰች፣ ከየጉዞው ቁራሽ ጨው እያስቀረች ያጠራቀመችው ነው። ሞተሩን የገዛች ዕለት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክም የታሰረባትን ረጅም የጠፍር መጫኛ ገደል ልትጥለው አሰበች። ግን ልማድ ሆኖባት ጠቅልላ ከሞተሩ መቀመጫ ሥር አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ሕልም ይመስል ነበር። ጠዋት ጉሙ በሸለቆው ላይ እንደ ወተት ረግቶ ሲተኛ፣ አህያ ጉሙን እየሰነጠቀች ታልፋለች። ጀርባዋ ላይ ከነፋስ በቀር ምንም የለም። አንዳንዴ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ደመና የሆነች ይመስላታል።

አንድ ማለዳ አንበሳ አስጠራት።

«ይህን ጋን ማር ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያ ካደረስሽ የዓመቱ ጭነቴ ሁሉ ያንቺ ነው» አላት። «ካላደረስሽ ግን ሞተር የሚባል ነገር አላውቅም፤ እንደ ድሮሽ በጀርባሽ ትሸከሚያለሽ።»

መንገዱ ሩቅ ነበርና አህያ የሞተሩን ዘይት ልትቀይር ጎንበስ አለች። የጠቆረውን ዘይት ከሥር አፈሰሰችው። ቀጥሎ ዘይቱን የሚያጣራው፣ ቡጢ የሚያህለው የቆርቆሮ ፊልትሮ መፈታት ነበረበት። አሮጌው ፊልትሮ በቆሻሻ ስለ ተደፈነ፣ ሳይቀየር ከተነሣች ሞተሩ ተቃጥሎ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። በሁለት ሰኮናዋ ይዛ አዞረችው። አልዞረም። ተንደርድራ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም።

ሞተሩን እየገፋች ዋርካው ሥር ወደሚሠራው ወደ ጅብ ጋራዥ ወሰደችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ያሰርከው አንተ ነህ። በል ፍታልኝ።»

«እኔ የማውቀው ማሰር ነው!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ያጠበቅሁትን ማን ወንድ ይፈታዋል?»

«ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለኝም። ብቻ ይፈታ።»

ጅብ አጎንብሶ ፊልትሮውን አሸተተ። ዘይቱ ሞራ ሞራ ሸተተው፤ ለሃጩ ተዝረበረበ። ሳያስብ ነክሶ ሊያዞረው ሞከረ። ፊልትሮው ተጨረመተ እንጂ አልዞረም። ቀው ብሎ የተሰበረው የጅብ ክራንቻ ነበር።

«ወይኔ ክራንቻዬን! ምሳዬን በምን ልበላ ነው!»

የዋርካው ሥር ላይ ጋደም ብሎ ይህን ሁሉ ሲያይ የነበረው ደላላው ቀበሮ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እትዬ አህያ፣ እግዜር ያጽናሽ። ሞተርሽ ሞቷል። ለቆርቆሮው ሦስት አሞሌ እሰጥሻለሁ።»

«ስድሳ አውጥቼበት?»

«ስድሳ የሕያው ዋጋ ነው፤ ይሄ ሬሳ ነው። ሦስቱንም የምሰጥሽ ሆዴ ስለማይችል ነው።»

አህያ ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። «እስቲ ትንሽ ልረፍና ልንገርህ» አለችው።

ሲጨንቃት አመድ ላይ መንከባለል ልማዷ ነው። በጋራዡ ጓሮ ባለው የአመድ ክምር ላይ ተንከባለለችና ጥላው ሥር ጋደም አለች። ሙቀቱ ያንሳፍፋል፤ ንብ ከሩቅ ታንጎራጉራለች። በዓይኗ ሽፋን መካከል ሲታያት ሞተሩ ጋደም ያለ ግልገል አህያ መሰላት።

«እትዬ፣ እኔንም እኮ አጥብቀው አሰሩኝ» አላት ግልገሉ።

«እኔንም እንዲሁ ነበር» አለችው በእንቅልፍ ልቧ።

ያኔ ጀርባዋ ማስታወስ ጀመረ። መጫኛው በሆዷ ሥር ዞሮ ይመጣል። ጫኞቹ በአንደኛው ጎን ሲስቡት ትንፋሿ ያጥራል፤ በሌላኛው ጎን ሲስቡት ጭነቱ ዞር ይልና ጎኗ ዘና ይላል። መጫኛው ያው አንድ መጫኛ፣ ሳቢዎቹም እነዚያው ሳቢዎች ናቸው። የሚለየው ጎኑ ብቻ ነበር።

ብድግ አለች። ዘይት የነካው ሰኮናዋ አመድ ለብሷል፤ አሁን መሬት ላይ አያንሸራትታትም። ሄዳ ፊልትሮውንም በአመድ አሸችው። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር መጫኛዋን አወጣች።

የጅብ አፍንጫ ተነፋ። «ጠፍር ነው እንዴ? የበሬ?»

«የበሬ ነው፤ ያውም በቅቤ የታሸ።»

«ኧረ ባክሽ አቅምሺኝ! ጫፉን ብቻ!»

«ጫፉን ነክሰህ ሳብልኝ፤ ፊልትሮው ከተፈታ ሙሉው ያንተ ነው።»

ቀበሮ ፈጠን ብሎ መሐል ገባ። «አንቺ አትድከሚ፣ እኔ ልጠምጥምልሽ» አለና መጫኛውን በፊልትሮው ላይ ጠመጠመው። አህያ አየችው። ምንም ሳይነካት ትንፋሿ እጥር አለ።

«ይሄ ማጥበቂያው ነው፣ አቶ ቀበሮ። መፍቻው በወዲያኛው ጎን ነው።»

መጫኛውን ፈታችና በተቃራኒው ጠመጠመችው፤ አንዱን ጫፍ በራሱ ላይ አቆላልፋ ሌላውን ለጅብ አቀበለችው። ጅብ በቀሩት ጥርሶቹ ነከሰ፤ አራት እግሩን ተክሎ፣ ስለ ፊልትሮው ሳይሆን ስለ ጠፍሩ እያሰበ ሳበ። ፊልትሮው መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ «ቋ!» አለና ዞረ። ጅብ በጀርባው ተዘረረ፤ ፊልትሮው በውስጡ የቀረውን ጥቁር ዘይት በቀበሮ ነጭ ደረት ላይ ደፍቶ ተንከባለለ።

«ተፈታ እኮ!» አለ ጅብ ከወደቀበት፣ ደንግጦ ቀበሮን እያየ። «አንተ፣ ‹በኃይል አጥብቀው፣ መፍታት ሲያቅታት ትሸጥልናለች› ብለህ የሰጠኸኝን አጥንት ግን በልቼዋለሁ። መልስ እንዳትለኝ!»

ቀበሮ ደረቱን በቅጠል እየጠረገ ወደ ዋርካው ኋላ ዞረ። አህያ ለጠብ ጊዜ አልነበራትም። ይዛው የመጣችውን አዲስ ፊልትሮ አነሣች፤ የጎማ ቀለበቱን ዘይት አስነካችና በሰኮናዋ ብቻ፣ ያዝ እስኪያደርግ ድረስ አዞረችው። ከዚያም አዲስ ዘይት ሞላች።

«ላጥብቅልሽ?» አለ ጅብ አፉ በጠፍር እንደ ተሞላ።

«ይብቃው፣ አያ ጅቦ። ነገም የምፈታው እኔው ነኝ።»

የማሩን ጋን ከሞተሩ ኋላ ጭና ገበያ ስትደርስ ፀሐይዋ የኮረብታውን ጫፍ ነክታ ነበር። የአንበሳ አሽከሮች ጋኑን አወረዱ፤ ከማሩ አንዲት ጠብታ አልጎደለም። ስትመለስ ብርሃኑ ወርቅማ ሆኖ ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። አህያ በአንድ ሰኮናዋ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ዳሰስ አደረገች። ልትጥለው የነበረውን ያን መጫኛ ናፈቀችው። መልሳ ግን ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ደመናም ሆነች።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ሆነ፦ ጅብ አንድ አጥንትና አንድ መጫኛ በላ፣ አንድ ክራንቻ ከሰረ። ቀበሮ አጥንቱን ከፍሎ የጠቆረ ደረት ይዞ ገባ። አህያ አንድ አሮጌ ጠፍር ሰጥታ ስድሳ አሞሌዋን አዳነች፣ የዓመቱንም ጭነት አተረፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሸክም የተገላገለ ሰው ሸክሙን ቢጥል እንኳ ሸክሙ ያስተማረውን አብሮ መጣል እንደሌለበት ነው።