ዱካ የሚጠይቀው ዋሻ

አንድ ጊዜ ጉም ከማይለቀው ገደል አጠገብ፣ ከአያ አንበሶ ግቢ ወጥታ በራሷ ለመሥራት የተነሣች አንዲት ጃርት ነበረች። በግቢው ሳለች ሥራዋ ጋሻ ላይ ጎፈር መሣል ብቻ ነበር፤ ያውም በጥቁር አፈር። አሁን ግን ሾላ ሥር ተቀምጣ፣ እሾኋን እንደ ብዕር ቀርጻ፣ ደንበኛ ትጠብቅ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣችው አህያ ናት።

«እመት ጃርት፣ ልጄን ልድር ነው። ጀርባዬ ላይ የምጥለው ቁርበት ላይ ቀይ አበባ ሣዪልኝ» አለቻት።

ጃርት አልችልም ማለት አፈረች። ቀይ አፈር በውኃ በጥብጣ ሣለች። ቀለሙ ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀ ረገፈ፤ የቀረውም ጎፈር እንጂ አበባ አይመስልም።

«ምነው እቴ! ይሄን ለብሼ ብሄድ ሠርገኛው አንበሳ መጣ ብሎ ይበተናል!» አለች አህያ።

«እውነትሽን ነው፣ አልቻልኩበትም። ቁርበቱን ተዪልኝና ተምሬ ልሥራው።»

«ሠርጉ ሳይደርስ ከሆነ እሺ» ብላ ሄደች።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከሾላው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። ቀረብ ብላ፣ «ምን አለፋሽ? ገደሉ ውስጥ አንድ ዋሻ አለ አሉ። ባዶ ቁርበት ደጁ ላይ አንጥፈሽ ፊትሽን ስታዞሪ፣ ተሥሎ ይጠብቅሻል» አለቻት።

«ማነው የሚሥለው?»

«ያየው የለም።»

ጃርት ርቧታል። ቁርበቱን ይዛ ተከተለቻት። ቀበሮም የምታሥላቸው ባዶ ቁርበቶች ነበሯት፤ የተሸከመላት ሎሌዋ አያ ጅቦ ነው፤ አንዱን ጫፍ እያኘከ ይከተላል። ጉሙ ውስጥ ሲገቡ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ። ዋሻው እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ቀዝቃዛ ነው።

«ዱካሽን ስጪኝ» አለ ከውስጥ፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር የሚመስል ድምፅ።

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። ቀበሮ ግን ሳቀች። «ዱካ ለአዳኝ እንጂ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ውሰደው!» ብላ ቁርበቷን አነጠፈችና ፊቷን አዞረች። መለስ ስትል አበባ ተሥሎበታል፤ ነፋስ በሌለበት ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል።

ጃርት ወደ መሬት አየች። ጭቃው ላይ የጅቡ ዱካ አለ፣ የእሷም አለ። የቀበሮ ግን የለም። ቁርበቷን አቅፋ ሮጠች።

ሩጫዋም እሾሃማ ዛፍ ላይ ከምትኖረው አሮጊት እስስት ዘንድ አደረሳት።

«እማማ፣ ቀይ ቀለም እንዳይረግፍ እንዴት እንደሚደረግ አስተምሪኝ።»

«የእኔ ነገር አዝጋሚ ነው ልጄ። ትታገሺያለሽ?»

«ርቦኛል፤ ግን እታገሣለሁ።»

እስስት አፈሩን ከግራር ሙጫ ጋር ማሸት አሳየቻት። ከመሣሏም በፊት አበባው ፊት ተቀምጣ ዝም ብላ እንድታይ አዘዘቻት። ጃርት ስንቱን የዛፍ ቅርፊት አበላሸች! ሥር እየማሰች እየበላች፣ አንዳንድ ቀንም እያለቀሰች ተማረች። ቀበሮ ዋሻው የሣለውን እኔ ሣልኩት እያለች ስለምትሸጥ፣ የሠፈሩ ደንበኛ ሁሉ ወደ እሷ ይጎርፍ ነበር። አንድ ቀን ግን የጃርት እጅ ሳታዘው አበባውን ጀመረው።

አህያ ቁርበቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው። «ይቺኛዋ ትንሽ ጠመም ብላለች» አለች። ቀጥላም፣ «የደጄም አበባ እንዲሁ ናት» ብላ ጀርባዋ ላይ ጣለችው። ሠርጉ ላይ ያየ ሁሉ «ማን ሠራልሽ?» እያለ ወደ ሾላው መጣ።

ቀበሮም ወደ ዋሻው መመላለሷን አልተወችም። ዋሻው ከዱካዋ ቀጥሎ ጥላዋን ጠየቀ፣ ከዚያ ጠረኗን፤ ሁሉንም ሰጠች። አንድ ቀን ወደ ጎሬዋ ስትገባ ግልገሎቿ ጥርሳቸውን አገጠጡባት።

«እናታችን አይደለሽም! እናታችን ጠረን አላት!»

ወደ ዋሻው ተመልሳ ሄደች። «የወሰድከውን መልስልኝ!»

«ግቢና ውሰጂ» አላት።

ገባች። አያ ጅቦ ደጅ ቆሞ ጠበቀ፤ ምንም አልሰማም። ጉሙ ገለጥ ሲል እግሩ ሥር አንድ ቁርበት ተነጥፏል። ቁርበቱ ላይ ቀበሮ ተሥላለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው።

«አያ ጅቦ» አለ ሥዕሉ በሹክሹክታ፣ «ወደ ልጆቼ ውሰደኝ።»

ጅብ አሸተተ። የቁርበቱ ሽታ አስጎመጀው። «እሺ እመቤቴ፣ ከእጄ ከምትወድቂ በሆዴ ልያዝሽ» ብሎ ዋጣት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ገደል ጅብ ሲስቅ፣ ከሳቁ ሥር ቀጭን ልቅሶ ይሰማል ይባላል። የቀበሮ ግልገሎችም ሥራቸውን ትተው ጆሯቸውን ይቀስራሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ በራሱ ሙያ ሊኖር የወጣ የማያውቀውን ታግሦ ቢማር ለጊዜው ይራባል እንጂ እንደማይጠፋ፣ ያልለፋበትን የእኔ ነው ብሎ የሚሸጥ ግን በመጨረሻ ራሱን ሸጦ እንደሚያበቃ ነው።