ስቃ የመጣችው እንግዳ

ወይንሸት የምትባል ወጣት ደራሲ ስለ ስደተኞች የጻፈችውን ልብ ወለድ ይዛ ወደ መምህሯ መጣች። «አንባቢዎቼ ሁሉ ያለቅሳሉ። ስለ ስደተኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይበቃም ወይ?» ስትል ጠየቀቻቸው። መምህሩም እንዲህ አሏት።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትኖረው ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ ነው፤ ወንዙን የተሻገረ ሌላ አገር ይገባል። በዚያች ከተማ አንድ ሽማግሌ ተራኪ ነበረ። በገበያ ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ ድንበር ስለሚያቋርጡ ስደተኞች ያወራል። በእሱ ወሬ ውስጥ ስደተኛ ሁልጊዜ ከንፈሯ የደረቀ፣ አንደበቷ የተያዘ፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ናት። ልብስ ሰፊዋ ከሰው ሁሉ አብልጣ ታለቅሳለች። «እንዲህ ያለች ምስኪን ደጄ ብትመጣ አልጋዬን ለቅቄላት መሬት እተኛ ነበር» ትላለች። ከልቧ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት እንግዳ ደጇ ቆመች። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች፤ ትስቃለች። እህልም ውሃም አልለመነችም።

«እቱ፣ መስታወት ይኖርሻል? ፊቴን ካየሁ ሰነበትኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። እንግዳዋ ፊቷን አየችና «ኧረ ጉዴ! እናቴ ብታየኝ የማን ልጅ ነሽ ትለኝ ነበር» ብላ ሳቀች። ስፌት መኪናው ላይ የተዘረጋውን ቀሚስም ዳሰስ አድርጋ «ኮሌታው ተንጋዷል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እስኪጨልም ጓዳሽ አስቀምጪኝ። ድንበር ከሚያሻግሩን ደላሎች አምልጬ ነው። ከያዙኝ ይሸጡኛል።»

ይህንንም ብላ ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋን ፍርሃት ገባት። ስደተኛ እንዲህ ትስቃለች? ጥፍር ትቀባለች? በሰው ስፌት ላይ አቃቂር ታወጣለች? የሌባ ተላላኪ ብትሆንስ?

«ቤቴ እንግዳ አለብኝ፣ እህቴ» አለቻት።

እንግዳዋ መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መለሰችላት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላም ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወንዶች መጡ። አንደኛው እግሩን በሩ ውስጥ አስገብቶ «ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ሴት በዚህ አላለፈችም?» አለ። ልብስ ሰፊዋ በሩን በትከሻዋ ደግፋ ያዘች።

«ማንንም አላየሁም።»

ወንዶቹ ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ እሷ በጓሮ ወጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፈለገቻት፤ መስጊዱ አጥር ሥር ፈለገቻት። ስሟን አልጠየቀቻትም፤ ታዲያ ምን ብላ ትጥራት? «አንቺ! አንቺ እህቴ!» እያለች ወንዙ ዳር ደረሰች። ሸምበቆው ሲንኮሻኮሽ ሰው መስሏት ገለጠችው፤ ነፋስ ነው። እንግዳዋ ትሻገር ወይ ትያዝ፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ክው ትላለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተራኪው እንደ ልማዱ አወራ፤ ሰውም አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋን ግን እንባ እምቢ አላት። ከመሀል ተነሥታ ጠየቀችው።

«አባቴ፣ ይህች የሚያወሩላት ሴት ምን ያስቃት ነበር?»

ሽማግሌው ግራ ገባው። «ልጄ፣ ስትስቅ ካሳየኋት ማን ያዝንላታል?»

«እኔም ስትስቅ አይቼ ነው በሬን የዘጋሁባት» አለችው።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«ልጄ፣ ተራኪው አልዋሸም። ጥሙም ልቅሶውም አለ። ግን ስደተኛዋን ከመከራዋ በቀር ምንም ሳያስቀርላት አወራት፤ አድማጩም መከራውን እንጂ ሴትየዋን መለየት አልለመደም። ያንቺ መጽሐፍ እንደዚያ ተራኪ ነው፤ አንባቢሽም እንደ ልብስ ሰፊዋ። ማልቀሱ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን መጽሐፍሽን ከድኖ ሲቀመጥ በሩ ቢንኳኳ፣ ውጭ የቆመችውን ካላወቃት፣ እስከ ዛሬ ከማን ጋር ስታስተዋውቂው ኖርሽ?»